ብርሃን ያየች ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለእንግዶች ሰላጣ ልትሠራ የአቼቶ ጠርሙስ ከመደርደሪያው ስታወርድ ከእጇ አመለጣትና ወለሉ ላይ ተሰበረ፤ እኔ ደግሞ ከተቀመጥሁበት ተነስቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። «እማዬ ደግሞ፤ አቼቶ ሰው ይበላል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ እንግዶቹም ሳቁ። እኔም ሳቅ ነገር ብዬ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ሽታው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ወልጄ ድሬ፣ ስንቱን ቀብሬ፣ ያ ኮምጣጣ ሽታ በአፍንጫዬ ሲገባ ዛሬም የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ ዛሬም የቆርቆሮው በር ሊደበደብ ነው።

ሽታው የአባቴ ነው። የሰው አባት ትምባሆ ይሸታል፣ ሳሙና ይሸታል፤ የእኔ አባት እሑድ እሑድ አቼቶ ይሸት ነበር። ሰይፉ ይባላል፤ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ባሕር ዳር የመጣው የሽመና ማሽን ሊጠግን በፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሆን፣ የአገሩን «አቦ» የምትል ቃል ከአፉ ስለማይለያት፣ እኛ ደግሞ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር ስለምንኖር፣ የሰፈሩ አሮጊቶች የጻድቁን ስም ሲጠራ የሚውል መንፈሳዊ ሰው አድርገውት ነበር። መንፈሱ ግን ያለው ካሜራው ላይ ነበር። ካሜራዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ገዛት፤ ጥቁር ናት፣ ጥግ ጥጓ ተልጦ ናሱ ብቅ ብሏል፣ ስትከብድ ደግሞ እንደ ድንጋይ ናት። ፎቶ ማጠብን ማንም አላስተማረውም፤ ሲያበላሽ ሲያበላሽ ለመደው። ጓዳችንን በብርድ ልብስ አጨልሞ፣ ባትሪውን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የእናቴን ሦስት ቆርቆሮ ሳህኖች ደርድሮ ይቀመጣል። የማጠቢያ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ የሚያመጣለት አንድ ሾፌር ወዳጅ ነበረው፤ ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱ ጨርሶ ስለጠፋ በምትኩ አቼቶ በውኃ አቅጥኖ ይጠቀም ነበር። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ «ሳህኔን መልስልኝ፤ ሰላጣ እንኳ ሳልሠራበት አቼቶ ጠገበ» ትለዋለች። እሱ አይሰማትም። ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ የሚለውን ግንብ ነው የሚያየው።

ግንብ ይወድ ነበር አባቴ። ከሰው ፊት ይልቅ የድንጋይ ካብ ልቡን ይወስደዋል። አንድ ጊዜ በዓመት ፈቃዱ በአውቶቡስ ጎንደር ወስዶን፣ እናቴ ገበያ ልትወጣ ተሰናድታ ሳለ፣ ቀኑን ሙሉ የነገሥታቱን ግንብ በየማዕዘኑ እየዞረ ሲያነሳ ዋለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ «የድንጋዩ ባል» እያለች ትጠራው ነበር። ባሕር ዳር ደግሞ እንደ ጎንደር ግንብ የላትም። ያላት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ከዓባይ ማዶ፣ ንጉሡ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ ወርደዋል፣ በሩ ላይ ወታደር ቆሟል፣ በዚያ አካባቢ ካሜራ ማውጣት ክልክል ነው። ድልድዩም ክልክል ነው። ወደቡም ክልክል ነው። በዚያ ዘመን የተፈቀደውን መቁጠር ይቀል ነበር።

ፍርሃትን የተማርነው እንደ ፊደል ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ እናቴ ቀሚሴን እያስተካከለች «መንገድ ላይ የተኛ ሰው ብታዪ አትዪው» ትለኝ ነበር፤ እያዩ አለማየት እንዴት እንደሚቻል አልጠየቅኋትም፤ ተማርሁት። ዘንባባ በተተከለበት በዚያ በሚያምር ሰፊ መንገድ ላይ፣ ብስክሌቶች እንደ ወፍ መንጋ በሚርመሰመሱበት፣ ዓይኔን እግሬ ጫፍ ላይ አድርጌ መሄድ ለመድሁ።

አባቴ ግን እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ቁርስ ከቀመስን በኋላ ፎቶ ማንሳት ሥራው ነው። ካሜራዋን በአገልግል ውስጥ ያስቀምጣታል፤ በላይዋ እናቴ ንጹሕ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ ከጨርቁ ላይ ቆሎ። አገልግሉን የምሸከመው እኔ ነኝ። አባትና ልጅ ስንቅ ይዘው ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ነው የምንመስለው። ዛሬ ሳስበው እኔን የሚወስደኝ ወድዶኝ ነው ወይስ ልጅ የያዘ ሰው ስለማይጠረጠር ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ነው መሰለኝ፤ ያኔ ግን እንደዚህ ያለ ጥያቄ አልነበረኝም፤ ኩራቱ ፍርሃቱን አቻችሎት እሄድ ነበር። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ያነሳል፤ ብስክሌት ጠጋኞቹን፣ ከዝናብ በኋላ የሚያብረቀርቀውን ጎዳና፣ የአንዱን አሮጌ ቤት የድንጋይ ደረጃ ያነሳል። የእኔ ሥራ ለእሱ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዱን መጠበቅ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው ወይም የመንግሥት መኪና ካየሁ «አባዬ፣ ውኃ ጠማኝ» ማለት አለብኝ። ጣናን የሚያክል ውኃ ፊቴ ተንጣሎ፣ እግሬ ረጥቦ፣ ስንት ጊዜ «ውኃ ጠማኝ» እንዳልሁ እግዜር ይቁጠረው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰምቶኝ «ይህችን ልጅ ሐኪም ይያት» ብሎ አባቴን መክሮታል።

ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ያነሳል፤ ሠላሳ ስድስቱ ሳያልቅ አይታጠብም። ፊልም እንደ ልብ አይገኝምና አባቴ አንዱን ጥቅል ሁለት ሦስት ወር ይይዘው ነበር። እያነሳ ሲሄድ ፊልሙ እንደ ክር በአንድ በኩል ይጠቀለላል፤ መጀመሪያ የተነሳው ከሥር ይቀራል፣ ኋላ የተነሳው ከላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ነግሮኛል፤ ካሜራዋን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጎኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ እያሳየ «ይህችን ወደ ላይ ከሳብሻት ጀርባዋ ይከፈታል። ብርሃን ካየ ግን አለቀ፤ ያነሳሁት ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል» ብሎኛል። አጥብቄ ያዝሁት። ልጅ ማድረግ የሌለበትን ነገር ከሁሉ በፊት ይይዛል።

አጥራችንን የሚጋሩን እትዬ ስንዱ የሚባሉ የመሪጌታ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው በአንዱ ደሴት ገዳም ሲያገለግሉ ኖረው ነው ያረፉት፤ በሕይወት ሳሉ «ሥዕል ለቅዱሳን ነው፤ ለሰው ምን ያደርግለታል?» ይሉ ስለነበር በዚያ ቤት አንድም የሰው ፎቶ አልነበረም፤ የራሳቸውም እንኳ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ይበልጣል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይቀመጥ የሚሄድ። ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በመንገድ ሲያገኘን ፍጥነቱን ቀንሶ «ባለ አገልግሏ፣ ዛሬስ ምን ቋጥረሻል?» ይለኛል፤ እኔ በላብ እጠመቃለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጠቅሶኝ ይፈተለካል።

አንድ እሑድ አባቴ ቤዛዊትን ካላነሳሁ አለ። ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ በቅጠሉ መሐል የቤተ መንግሥቱ ግንብ የሚታይባት ቦታ አግኝቶ ስንት ሳምንት ሲያልማት ኖሯል። እኔ ቁልቁል ወደ መንገዱ ዞሬ ተቀመጥሁ። ከበስተ ኋላዬ አባቴ ይተነፍሳል፤ ከፊቴ ዓባይ፣ ድልድዩ፣ ድልድዩ ላይ ወታደሩ። በዚህ መሐል ይበልጣል ብስክሌቱን እየገፋ ከየት እንደመጣ ሳናውቀው ዋርካው ሥር ደረሰ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ድንጋዩን ሠላሳ ጊዜ አነሱት፤ እኔን አንዴ ቢያነሱኝ ካሜራው ይታመማል?»

«ድንጋይ አይንቀሳቀስም። አንተ አቦ፣ ቆመህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ እቆማለሁ። ለእናቴ ነው።»

አባቴ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ «እሺ፣ እዚያ ጋ፤ ትንሽ ወደ ግራ» ሲል ሰማሁት። ካሜራዋ ቀጭ አለች። ወዲያው ከድልድዩ ወዲህ አንድ ወታደር የጫነ መኪና አቧራውን እያጨሰ ወጣ፤ «አባዬ፣ ውኃ ጠማኝ» አልሁ፤ ድምፄ ተሰብሮ የወጣው ግማሹ ነው። ካሜራዋ አገልግል ገባች፣ ይበልጣል ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ፣ እኛም ቆሎ እየቆረጠምን ተቀመጥን። መኪናው አልፎን ሄደ። በዚያ ቀን ምንም አልሆነም።

እትዬ ስንዱ ደስታቸውን አልቻሉትም። ቦኖ ውኃ ሲቀዱ ለተሰለፈው ሴት ሁሉ «ልጄ ፎቶ ተነሣ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ይሰጡኛል» ይሉ ነበር፤ መሪጌታ በመቃብራቸው እንዳይሰሙ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገር ግን ሁሉም እንዲሰማ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይበልጣል ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ይፈለጋል ተባለ፤ ፀረ ሕዝብ ነው ተባለ። ያ ልጅ ከብስክሌት በቀር ምን እንደሚያውቅ እኔ አላውቅም። የሚፈልጉት የአብዮት ጥበቃዎች ከሌላ ቀበሌ የመጡ ስለነበሩ መልኩን አያውቁትም፤ ከቤቱ ፎቶ ፈልገው አጡ። ከዚያ ከቦኖው ሰልፍ አንዷ አፏን ከፈተች።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። እትዬ ስንዱ በአጥሩ ሽንቁር ገብተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ እናቴን «ሰይፉን ከፋብሪካው በር ወሰዱት። ለካሜራው እየመጡ ነው» አሏት። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ቀበሌው ሮጠች፤ «ከቤት እንዳትወጪ፤ ቢጠይቁሽ አላውቅም በይ» ያለችኝ እየሮጠች ነው። እትዬ ስንዱም በሽንቁሩ ተመለሱ፤ እኛ ቤት ቢያገኟቸው ለሁላችንም መጥፎ ነበር።

ብቻዬን ቀረሁ። አገልግሉ አልጋ ሥር ነው። ልደብቀው አልሁ፤ ግን ካሜራ እንዳለን አገር ያውቃል፤ ካላገኙት አባቴን ምን ያደርጉታል? ይዘውት ቢሄዱ ደግሞ ይበልጣል ውስጡ ቆሟል፣ ከኋላው ቤተ መንግሥቱ፤ እሱንም አባቴንም በአንድ ላይ ይዘው መሄዳቸው ነው። ካሜራው መገኘት አለበት፤ ልጁ ግን ውስጡ መገኘት የለበትም። የአሥር ዓመት ጭንቅላቴ ይህችን ብቻ አሰበ። ካሜራዋን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቁልፏን ሳብሁ፤ እጄ በላብ ስላሟለጨኝ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ደግሜ ሳብሁ፤ ጀርባዋ ተከፈተ።

ትንንሽ ሰዎች ተደርድረው አያለሁ ብዬ ነበር። ምንም የለም፤ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ብቻ። ወደ ፀሐይ አዞርኋትና አቡነ ዘበሰማያትን መድገም ጀመርሁ፤ ሦስት ጊዜ ላደርስ ነበር። ሁለተኛውን ስጨርስ የቆርቆሮው በር ተደበደበ። ገጥሜ ዘጋኋት፣ አገልግሉ ውስጥ መለስኋት፣ ጨርቁን፣ ቆሎውን። የገቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው አልጋውን ገልብጦ አገልግሉን ሲያገኝ፣ ከካሜራው በፊት ከቆሎው አንድ እፍኝ ዘገነ። እየቆረጠመ ቁልቁል አየኝ፤ «ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?» አለኝ። «ውኃ ጠማኝ» አልሁት።

ሦስት ቀን አባቴን ይዘው አቆዩት። በእነዚያ ሦስት ቀናት የፈራሁትን ፍርሃት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ካሜራ ያየውን ይይዛል፤ ስከፍታት ደግሞ ያየችው እኔን ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ ሲታጠብ ከሁሉ መጨረሻ የእኔ ፊት ይወጣል ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ፈጥጦ፣ ከንፈሬ አቡነ ዘበሰማያት እያለ። በር ሲንኳኳ እኔን ሊወስዱ የመጡ ይመስለኝና አልጋ ሥር፣ አገልግሉ የነበረበት ቦታ እገባ ነበር። እናቴ ለአባቷ አዝና ነው ብላ ጎትታ እያወጣች ታባብለኛለች።

በአራተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ለስብሰባ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ የታጠበውን ፊልም ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ከጥቂት ቦታ በቀር እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ያጠበው ባለሙያ ብርሃን ገብቶበታል፣ የባለቤቱ አያያዝ ነው ብሏል። ከሥር ተጠቅልለው የነበሩ ሦስት ብቻ ተርፈዋል፦ አንድ ታንኳ፣ ልብስ የምታሰጣ እናቴ፣ ግማሽ ራሴ የተቆረጠ እኔ። አዳራሹ ሳቀ። አባቴን አቁመው ግለ ሂስ አድርግ አሉት። በጨለማ ጓዳ ስንት ዓመት ብቻውን ተምሮ የኮራበትን ሥራ፣ እጁን አጣጥፎ፣ «ጓዶች፣ እኔ ማሽን እንጂ ፎቶ አላውቅም። ለሕዝብ ሊጠቅም የሚችል ፊልም በማላውቀው ሥራ አባክኛለሁ» አለ። አጨበጨቡለት። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ተለቀቀ፤ ካሜራዋ እዚያው ቀረች። ከሴቶቹ መሐል ያልሳቁት እትዬ ስንዱ ብቻ ነበሩ።

ቤት ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ውኃ የማፈስለት እኔ ነበርሁ። ፊልም ከላይ ጠቁሮ ከሥር ሲተርፍ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ ወዲያ ማን ያውቃል? ቀና ሳይል፣ በቀስታ፣ «ስንት ደቂቃ ከፈትሻት?» አለኝ።

«ሁለት አቡነ ዘበሰማያት።»

ራሱን ነቀነቀ። እግሩን አድርቆ ተነሣ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሳም፤ እሑድ እሑድም ከቤት መውጣት ተወ፤ ጓዳው በርበሬና ሽንኩርት መሽተት ጀመረ።

ይበልጣል አልተመለሰም። ሬሳውን ያየ የለም፤ ሞተ ያለም፣ አለ ያለም የለም። በዚያን ጊዜ እንደ እሱ ላለ ልጅ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር እትዬ ስንዱ ለቅሶ አልተቀመጡም። ነገሩ ትንሽ ጋብ ሲል፣ ከብዙ ወር በኋላ፣ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

«ሰይፉ፣ አፌ ነው ያስወሰደህ፤ ይቅር በለኝ። ያችን ፎቶ ግን፣ ቁራጯም ብትሆን፣ ጥቁሩም ቢሆን…»

አባቴ «እትዬ ስንዱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አያያዝ አላውቅበትም ነበር» አላቸው።

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ አልተናገርሁም። እሳቸው ግን አዩኝና እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አንቺ ነበርሽ አይደል እዚያ? እንዴት ሆኖ ነበር የቆመው?» አሉኝ። እኔም ነገርኋቸው። ዋርካውን ተደግፎ ነበር አልሁ። አንድ እጁ ብስክሌቱ ላይ ነበር አልሁ። ሸሚዙ ነጭ ነበር፣ ተቆልፎ ነበር፣ ይስቅ ነበር አልሁ። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ ሲወጡ ፊታቸው ፎቶውን የተቀበለ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ልጁ በጠፋበት ወር፣ ይመጡ ነበር፤ ወይም እኔ እሄድ ነበር። መንግሥት ተለወጠ፣ እኔ አገባሁ፣ አባቴ አረፈ፣ አጥሩ ፈርሶ ብሎኬት ሆነ፤ እኛ ግን ያችን ፎቶ ማየታችንን አልተውንም። ሰው ተረት ትችያለሽ ይለኛል፤ የተማርሁት እዚያ ነው። በየዓመቱ አንድ ነገር እጨምርላቸዋለሁ፤ የዋርካው ጥላ ትከሻው ላይ እንደወደቀ፣ ነፋሱ ጠጉሩን እንደነካው። ያልነገርኋቸው ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነው። በዚያ ቅዳሜ ይበልጣል በሕይወት ነበር ወይስ ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር፣ እኔ አላውቅም። በሕይወት ከነበረ ምናልባት ጥቂት ቀን ጨምሬለታለሁ፤ ሞቶ ከነበረ ግን ለእናቱ የቀረላቸውን ብቸኛ መልኩን ፀሐይ ላይ አስጥቼ አቃጥያለሁ። ሁለተኛው ያን ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዱን ስጠብቅ እንደነበር ነው። ሲቆም አላየሁትም። የነገርኋቸው ልጅ ሁሉ እኔ የሠራሁት ነው፤ አሁን ደግሞ እውነተኛውን ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ እሱ፣ የሠራሁት፣ የሚስቀው ነው።

እትዬ ስንዱ ሊያርፉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ዓይናቸው ከፈዘዘ በኋላ፣ ልጠይቃቸው ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ከዋርካው ልጀምር ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ።

«ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም እማማ» አልኋቸው። «የፈራሁት እኔ ነኝ።»

ከነገርኋቸው ሁሉ እውነት መሆኗን በርግጥ የማውቃት ያችን የኋለኛዋን ቃል ብቻ ነው። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙት፤ ምን ያህሉን እንደሰሙ አላወቅሁም።